ጉንፔይ ዮኮይ፦ የረከሰውን ቴክኖሎጂ ያስከበረው መሐንዲስ

በምዕራብ ጎጃም ገጠሮች ባለባትሪዋ የእጅ ስልክ ለረጅም ጊዜ የአርሶ አደሩ ባልንጀራ ኾና ኖራለች። ቀለም የላትም፤ ካሜራ የላትም። አንድ ጊዜ ቻርጅ ከተደረገች ግን ለቀናት ታገለግላለች፤ ብትወድቅ በቀላሉ አትሰበርም፤ በጨለማ መንገድ ታሳያለች። እየበላ የሚረዝም እባብ የሚመራበት ጨዋታም በውስጧ አለ። በ2003 ለገበያ የቀረበችው ኖኪያ 1100 ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጣ በዓለም እጅግ ከተሸጡ ስልኮች አንዷ ለመኾን የበቃችው በውድ ቴክኖሎጂ አልነበረም። ርካሽ፣ የተፈተነና ጠባዩ የታወቀ ዕቃ ተገቢ ቦታውን ስላገኘ ነበር።

ይህ ዓይነት ስልክ ከመሠራቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ያንኑ አስተሳሰብ የሕይወቱ መርህ ያደረገ አንድ ጃፓናዊ መሐንዲስ ነበር። ስሙ ጉንፔይ ዮኮይ ይባላል። ስልኳ የእርሱ ሥራ አይደለችም። የእርሱ ሥራ በእጅ መዳፍ የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ጨዋታ ነው። ዛሬ በፍኖተ ሰላምም ኾነ በቡሬ በአሮጌ ስልክ ወይም በትንሽ ኮምፒዩተር የቀድሞ ጨዋታዎችን ለማጫወት የሚሞክር ወጣት ቢኖር፣ ጣቱ የሚያርፍበት የመስቀል ቅርጽ ያለው ቁልፍ የዚህ ሰው አሻራ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም ተብለው ካልተለዩ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዮኮይ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1941 በጃፓኗ ኪዮቶ ከተማ ተወለደ። ኪዮቶ የጃፓን የቀድሞ መናገሻና የዕደ ጥበብ ሰዎች ከተማ ናት። በልጅነቱ ጃፓን በጦርነት ውስጥ ነበረች፤ ትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ ሀገሪቱ ከፍርስራሿ ለመነሣት ትጣጣር ነበር። ከፍ ሲል በዚያው ከተማ በሚገኘው ዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሮኒክስ ትምህርት ተከታተለ። ትምህርቱን አጠናቅቆ በ1965 ሥራ የጀመረውም ከተወለደበት ከተማ ሳይወጣ ኒንቴንዶ በተባለ ድርጅት ነበር።

በዚያ ዘመን ኒንቴንዶ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የቪዲዮ ጨዋታ ኩባንያ አልነበረም። በ1889 የተመሠረተውና በአበባ ሥዕል ያጌጡ የመጫወቻ ካርታዎችን የሚያመርት ድርጅት ነበር። የዮኮይ ሥራም ካርታ የሚያመርቱትን ማሽኖች መጠገንና መከታተል ነበር። የወፍጮ ቤት ባለሙያ ድምፁን ሰምቶ የሞተሩን ሕመም እንደሚለይ፣ እርሱም ማሽኖቹን ያዳምጥ፣ የላላውን ያጠብቅ፣ የተሰበረውን ይተካ ነበር። ማሽኖቹ ደህና ውለው በሚያድሩባቸው ቀናት ግን ብዙ ሥራ አልነበረውም። በትርፍ ሰዓቱም በፋብሪካው ዕቃዎች እየተጠቀመ የራሱን መጫወቻዎች መሥራት ጀመረ።

ከእነዚህ አንዱ እንደ መቀስ የተጠላለፉ ዘንጎች ያሉት፣ እጀታው ሲጨበጥ የሚረዝም፣ ሲለቀቅ የሚያጥርና በጫፉ ዕቃ የሚይዝ ሰው ሠራሽ እጅ ነበር። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሂሮሺ ያማውቺ በፋብሪካው ሲዘዋወር ይህ የጥገና ሠራተኛ በሥራ ሰዓት በመጫወቻ ሲዝናና አገኘው። ወደ ቢሮው ሲጠራው ዮኮይ ተግሣጽ ወይም ስንብት ይጠብቀው እንደነበር ይነገራል። የገጠመው ግን መጫወቻውን ለገበያ እንዲያዘጋጅ የሚያዝዝ መመሪያ ኾነ። በ1966 “አልትራ ሃንድ” በሚል ስም የቀረበው ይህ መጫወቻ ወደ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ያህል ተሸጠ። የጥገና ሠራተኛውም መጫወቻ ፈጣሪ ኾነ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ዮኮይ የሠራቸው መጫወቻዎች የአስተሳሰቡን አካሄድ በግልጽ ያሳያሉ። በ1969 የወጣው “ላቭ ቴስተር” ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው የመሣሪያውን ብረቶች ሲጨብጡ በሰውነታቸው የሚያልፈውን ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚለካና ፍቅራቸውን የሚመዝን በሚመስል ጨዋታ የሚያስቅ ነበር። በውስጡ ያለው ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ የሚያውቀው ቀላል የኤሌክትሪክ መለኪያ ነው። በ1970 የቀረበው የብርሃን ጠመንጃ ደግሞ ከዚህ ይበልጥ አስተማሪ ነው። ዛሬ በየገጠሩ ቤት መብራት የሚሰጠው የፀሐይ ሴል ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ለመቀየር የተሠራ ነው። ዮኮይና ባልደረቦቹ ይህንኑ ሴል እንደ ዓይን ተጠቀሙበት። ከመጫወቻ ጠመንጃው የሚወጣው ብርሃን ዒላማው ላይ ያለውን ሴል ሲነካ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ዒላማውም መመታቱን ያውቃል። ለኃይል ምንጭነት የተሠራ ዕቃ ለጨዋታ ዋለ።

ዮኮይ ይህን አካሄዱን ኋላ ላይ በአንድ መርህ ስም ሰጠው። የመርሁ ሐሳብ የደረቀ ቴክኖሎጂን ከተለመደው ጎዳና ወጣ ብሎ ማሰብ የሚል ነው። በጃፓንኛ የደረቀ የሚለው ቃል የጠወለገን ብቻ ሳይኾን ጊዜ አልፎበት የበሰለንም ያመለክታል። ሞፈርና ቀንበር ለሚጠርብ ሰው ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ሊጣመም፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። የደረቀ እንጨት ግን ጠባዩ ታውቋል፤ የሚኾነው ኾኖ አልቋል። ቴክኖሎጂም እንዲሁ ነው። አዲስ ሲኾን ውድ ነው፤ ችግሩም ገና አልተገለጠም። ሲቆይ ዋጋው ይወርዳል፤ ድክመቱና ብርታቱም ይታወቃል። ዮኮይ ይህ የረከሰ ዕቃ ማንም ባላሰበው ቦታ ሲገባ እንደ አዲስ ይወለዳል ብሎ ያምን ነበር።

በ1970ዎቹ መጨረሻ በጃፓን ከረከሱ ዕቃዎች አንዱ ካልኩሌተር ነበር። አምራች ኩባንያዎች በዋጋ ፉክክር ተጠምደው ስለነበር መሣሪያው በየኪሱ የሚያዝ ተራ ዕቃ ኾኖ ነበር። ዮኮይ በፈጣን ባቡር ሲጓዝ አንድ የቢሮ ሠራተኛ ከመሰልቸት የተነሣ የካልኩሌተሩን ቁልፎች እየነካካ ጊዜ ሲገፋ ተመለከተ። አዋቂ ሰው በሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ ሳያፍር በእጁ ደብቆ የሚጫወትበት ትንሽ መሣሪያ ቢሠራስ የሚል ሐሳብም መጣለት።

ሐሳቡ ወደ ሥራ የተለወጠው በአጋጣሚ ነበር። የፕሬዚዳንቱ ሹፌር በታመመበት አንድ ቀን ዮኮይ መኪናውን እንዲነዳ ተጠየቀ። በመንገድ ላይም ሐሳቡን ለያማውቺ አነሣለት። ፕሬዚዳንቱ ብዙም የተመሰጠ አይመስልም ነበር። ይኹን እንጂ በሄደበት ስብሰባ ጉዳዩን ለካልኩሌተር አምራቹ ሻርፕ ኩባንያ ኃላፊ አነሣለት። ብዙ ሳይቆይ የሻርፕ ሰዎች ወደ ኒንቴንዶ መጡ።

በ1980 “ጌም ኤንድ ዎች” የተባለው መሣሪያ ተወለደ። ስሙ እንደሚያመለክተው ጨዋታም ሰዓትም ነው። ገጹ የተሠራው ካልኩሌተር ቁጥር በሚያሳይበት ዘዴ ነው። ልዩነቱ በቁጥሮቹ ምትክ የሰው፣ የኳስና የእጅ ቅርጾች አስቀድመው መቀረጻቸውና በተራ እየበሩና እየጠፉ የሚንቀሳቀሱ መምሰላቸው ነው። ኃይሉም እንደ ሳንቲም ከሚያህል ትንሽ ባትሪ የሚገኝ ነበር። መሣሪያው በልዩ ልዩ ጨዋታዎች እየተመረተ እስከ 1991 በዓለም ዙሪያ ከ43 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

በ1981 ደግሞ ሌላ የተናቀ ዕቃ በእጁ ገባ። ኒንቴንዶ ወደ አሜሪካ የላካቸው በሳንቲም የሚሠሩ ትልልቅ የጨዋታ ማሽኖች ሳይሸጡ በመጋዘን ቀርተው ነበር። ማሽኖቹን ከመጣል ይልቅ በውስጣቸው ያለውን ጨዋታ መቀየር ተመረጠ። ሥራው ሺገሩ ሚያሞቶ ለተባለ ወጣት ሠዓሊ ተሰጠ፤ ዮኮይም ሥራውን በበላይነት እንዲመራ ተመደበ። ከዚህ ጥምረት “ዶንኪ ኮንግ” ተወለደ፤ በኋላ ማሪዮ ተብሎ ዓለም ያወቀው ባለ ጢም ገጸ ባሕርይም ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዚሁ ጨዋታ ነው። መጋዘን ያጣበቡት ማሽኖች የኩባንያውን ዕጣ ፈንታ ቀየሩ።

ይህ ጨዋታ በ1982 ወደ ትንሿ የእጅ መሣሪያ ሲገባ አዲስ ችግር መጣ። በትልቁ ማሽን ላይ ሰውየው የሚመራው ቀጥ ብሎ በቆመ ዘንግ ነበር። እንደ መጽሐፍ በሚታጠፍ መሣሪያ ላይ ግን ዘንግ ማቆም አይቻልም። ዮኮይ አራቱን አቅጣጫዎች በአንድ የመስቀል ቅርጽ ባለው ጠፍጣፋ ቁልፍ ሰበሰባቸው። አውራ ጣት ቁልፉን ሳይለቅ፣ ዓይንም ወደ ታች ሳይመለከት ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ማዘዝ ተቻለ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ አብዛኞቹ የጨዋታ መሣሪያዎች ይህን ቁልፍ ወይም የእርሱን አምሳያ ይዘው ወጥተዋል።

የዮኮይ ስም በይበልጥ የሚነሣበት ሥራ ግን “ጌም ቦይ” ነው። መሣሪያው በጃፓን የቀረበው ኤፕሪል 21 ቀን 1989 ሲኾን፣ የሠራውም ዮኮይ የሚመራውና እንደ ሳቶሩ ኦካዳ ያሉ መሐንዲሶች የነበሩበት ክፍል ነው። ከቀደሙት የሚለየው በአንድ ጨዋታ አለመወሰኑ ነበር። ጨዋታዎቹ ካሴት በሚመስሉ ትንንሽ ዕቃዎች ተለይተው ስለሚሸጡ አንዱን አውጥቶ ሌላውን መክተት ይቻላል። በዘመኑ መለኪያ እንኳ መሣሪያው ደካማ ነበር። ገጹ አረንጓዴ መሰል ጀርባ ላይ አራት የጥቁረት ደረጃዎችን ብቻ ያሳያል፤ ከጀርባው ብርሃን የለውም፤ የሥራ ማኅደረ ትውስታው 8 ኪሎ ባይት ብቻ ነው።

ብዙ ሳይቆይ ተፎካካሪዎች መጡ። አታሪ “ሊንክስ”ን፣ ሴጋ ደግሞ “ጌም ጊር”ን አቀረቡ። ሁለቱም ባለ ቀለምና ከጀርባቸው የሚበሩ ነበሩ። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ከጌም ቦይ ጎን ሲቀመጡ የትኛው እንደሚያምር ጥያቄ አልነበረውም። ነገር ግን ሁለቱም ስድስት ስድስት ባትሪ ድንጋይ ይፈልጋሉ፤ ያም ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለ ጊዜ ውስጥ ያልቃል። ጌም ቦይ በአራት ባትሪ ድንጋይ 15 ሰዓት ያህል ይሠራል። በአሜሪካ ሊንክስ ወደ 180 ዶላር፣ ጌም ጊር ወደ 150 ዶላር ሲሸጡ ጌም ቦይ ወደ 90 ዶላር ገደማ ነበር። ባትሪ ድንጋይ ገዝቶ ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው የዚህን ስሌት ትርጉም ያውቀዋል። መሣሪያ የሚገዛው አንድ ጊዜ ነው፤ የሚመገበው ግን ዕድሜውን ሙሉ ነው።

ገበያው ለዮኮይ ፈረደ። ጌም ቦይና ኋላ የተከተለው ባለ ቀለሙ ወንድሙ በድምሩ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጡ። በአሜሪካ ከመሣሪያው ጋር አብሮ ይሸጥ የነበረው “ቴትሪስ” የተባለ ጨዋታ ከልጅ እስከ አዋቂ ሁሉንም ማረከ። ጥንካሬውም የሚያስገርም ነበር። በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ የአንድ አሜሪካዊ ወታደር ጌም ቦይ በእሳት ተለብልቦ ሽፋኑ ቀልጦ ሳለ መሥራቱን አላቆመም፤ ያም መሣሪያ ለረጅም ዓመታት በኒውዮርክ በሚገኘው የኒንቴንዶ መደብር ለእይታ ቀርቦ ኖሯል። መሣሪያው ሰባት ዓመት ሊሞላው ሲል በ1996 በጃፓን የወጣው “ፖኬሞን” ደግሞ ሁለት ጌም ቦዮችን በገመድ አያይዞ ልጆች ያገኙትን እንዲለዋወጡ በማድረግ ለአሮጌው ዕቃ አዲስ ዕድሜ ሰጠው።

የዮኮይ ታሪክ ግን በድል ብቻ የተሞላ አይደለም። በ1995 በእርሱ መሪነት የተሠራው “ቨርቹዋል ቦይ” ለገበያ ቀረበ። መሣሪያው በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ተጫዋቹ ዓይኖቹን ወደ ውስጥ አስገብቶ የሚመለከተውና ሥዕሎቹ ጥልቀት ያላቸው እንዲመስሉ የሚያደርግ ነበር። ዮኮይ እዚህም ርካሽ ቴክኖሎጂን መረጠ። ገጹ በቀይ መብራቶች ብቻ የሚሠራ ስለነበር የሚታየው ሁሉ ቀይና ጥቁር ኾነ። ተጠቃሚዎች ዓይናቸው እንደሚደክምና ራሳቸውን እንደሚያማቸው አማረሩ። እንደ ጌም ቦይ ኪስ ውስጥ አይገባም፤ እንደ ቴሌቪዥን ጨዋታም ቤተሰብ አብሮ አያየውም፤ ስድስት ባትሪ ድንጋይም ይበላል። ወደ 770 ሺህ ገደማ ብቻ ተሽጦ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ከጃፓን ገበያ ወጣ።

ይህ ውድቀት ከድሎቹ ያላነሰ ትምህርት አለው። መርሁ ርካሽ ዕቃ ይሻላል የሚል ብቻ ቢኾን ኖሮ ቨርቹዋል ቦይም በተሳካ ነበር። ጌም ቦይ የተወደደው የገጹ ድክመት ለተጠቃሚው ረጅም ሰዓትና ዝቅተኛ ዋጋ ስላስገኘለት ነው። በቨርቹዋል ቦይ ግን ቁጠባው በተጠቃሚው ዓይንና አንገት ላይ ወደቀ። የረከሰ ቴክኖሎጂ የሚከበረው የሰውን ልማድ፣ አካልና ኪስ በሚያውቅ እጅ ሲገባ ብቻ መኾኑን ዮኮይ በራሱ ሥራ አየው።

በ1996 ቀለል ያለውንና በሁለት ትንንሽ ባትሪዎች የሚሠራውን “ጌም ቦይ ፖኬት” ለገበያ ካበቃ በኋላ፣ ኦገስት 15 ቀን 1996 ለ31 ዓመታት ያገለገለበትን ኒንቴንዶ ለቀቀ። ብዙዎች የቨርቹዋል ቦይ ውድቀት እንዳስወጣው ጻፉ። እርሱ ግን በሃምሳዎቹ ዕድሜው የራሱን መንገድ ለመጀመር አስቀድሞ ያስብ እንደነበር ገልጿል። ወዲያውም “ኮቶ” የተባለ የራሱን ድርጅት አቋቁሞ ባንዳይ ለተባለው የመጫወቻ ኩባንያ አዲስ የእጅ ጨዋታ መሣሪያ መንደፍ ጀመረ።

ሥራውን ከፍጻሜ ለማየት ግን አልታደለም። ኦክቶበር 4 ቀን 1997 በሆኩሪኩ ፈጣን መንገድ ሲጓዝ የተሳፈረበት መኪና ከፊቱ ከነበረ ተሽከርካሪ ጋር ተጋጨ። ከመኪናው ወርዶ ጉዳቱን በመመልከት ላይ ሳለ ሌላ መኪና ገጨው። ሕይወቱም አለፈ። 56 ዓመቱ ነበር። እርሱ ባረፈበት ዓመት መጨረሻ ኖኪያ የእባቡን ጨዋታ በስልክ ውስጥ ይዞ ብቅ አለ፤ የኪስ ጨዋታም ልዩ መሣሪያ ወደማይገዛው ሕዝብ ሁሉ መድረስ ጀመረ።

ጅምሩ አልተቋረጠም። በማርች 1999 ባንዳይ “ዎንደር ስዋን” የተባለውን መሣሪያ አቀረበ። በአንዲት ባትሪ ድንጋይ ከ30 ሰዓት በላይ የሚሠራና ዋጋውም ዝቅተኛ ነበር። ከመሣሪያው ጋር አብሮ የወጣ አንድ መስመር የማገናኘት ጨዋታም ለክብሩ “ጉንፔይ” ተብሎ ተሰየመ። በ2003 ዓለም አቀፉ የጨዋታ አልሚዎች ማኅበር የሕይወት ዘመን ሽልማቱን ለሟቹ መሐንዲስ አበርክቷል።

ዮኮይ የሠራቸው መሣሪያዎች እያረጁ ነው። ፕላስቲኩ ይጠወልጋል፤ የገጹ መስመሮች ይጠፋሉ፤ በካሴቶቹ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ባትሪዎች ያልቃሉ። ጨዋታዎቹን ከዚህ ሞት የሚታደጋቸው ኢሙሌተር የሚባለው አስመሳይ ፕሮግራም ነው። ሥራው በቡሬ ገበያ ከዓባይ ማዶ በመጣ ኦሮምኛ ተናጋሪ ነጋዴና በአማርኛ ተናጋሪ ሸማች መካከል እንደሚቆም አስተርጓሚ ነው። አሮጌው ጨዋታ የሚናገረው ለጌም ቦይ ብቻ በሚገባ ቋንቋ ነው። ኢሙሌተሩ ትእዛዙን አንድ በአንድ እየሰማ ለአዲሱ መሣሪያ በሚገባው ቋንቋ ይነግረዋል፤ ምላሹንም መልሶ ለጨዋታው ያደርሳል።

ማስተርጎም ጉልበት ይጠይቃል። ስለዚህ አስመሳዩ መሣሪያ ከሚመሰለው በብዙ እጥፍ መፍጠን አለበት። የዮኮይ ቁጠባ ለትውልድ የጠቀመው እዚህ ላይ ነው። የጌም ቦይ አንጎል በሰከንድ ወደ 4 ሚሊዮን ገደማ ምት ብቻ ይመታል። ዛሬ ርካሽ የሚባል የንክኪ ስልክ አንጎል በሰከንድ ከ1 ቢሊዮን ምት በላይ ይመታል። ልዩነቱ ከ200 እጥፍ ይበልጣል። ቴትሪስ በሙሉ 32 ኪሎ ባይት ብቻ ነው። 3 ሜጋ ባይት የሚመዝን አንድ የስልክ ፎቶ በሚይዘው ቦታ 96 ቴትሪሶች ይቀመጣሉ። ስለዚህ ጌም ቦይ አሮጌ በኾነ ስልክ ላይ እንኳ ያለ ችግር ነፍስ ይዘራል።

አሠራሩ አስቸጋሪ አይደለም። በአንድሮይድ ስልክ ላይ እንደ “ሬትሮአርክ” ያለ ነጻ ኢሙሌተር ከስልኩ የመተግበሪያ መደብር ይጫናል። ሬትሮአርክ ብዙ መሣሪያዎችን ስለሚያስመስል በውስጡ ለጌም ቦይ የሚኾነው ክፍል ተመርጦ ይወርዳል። ከዚያ የጨዋታው ፋይል በስልኩ ወይም በሚሞሪ ካርድ ላይ ይቀመጥና ከኢሙሌተሩ ውስጥ ይከፈታል። የመስቀሉ ቁልፍ በመስታወቱ ላይ ተስሎ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ለመጫወት ኢንተርኔት አያስፈልግም። ኢሙሌተሩ ጨዋታውን በተፈለገበት ቅጽበት አቁሞ የማስቀመጥ ችሎታም ስላለው፣ የስልኩ ባትሪ ሊያልቅ ሲል ያሉበትን አስቀምጦ በማግስቱ ከዚያው መቀጠል ይቻላል።

ስልክ የማይበቃው ወደ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ይሄዳል። ከእነዚህ የታወቀው በ2012 ለሽያጭ የቀረበው “ራስፕቤሪ ፓይ” ነው። የመታወቂያ ካርድ የሚያህል ሰሌዳ ሲኾን ከቴሌቪዥን ጋር በኬብል ይገናኛል። ኢሙሌተሮችን አሰባስቦ የያዘ እንደ “ሬትሮፓይ” ያለ ሥርዓት በሌላ ኮምፒዩተር አማካኝነት በሚሞሪ ካርድ ላይ ይጻፋል፤ ካርዱ በሰሌዳው ላይ ይሰካል፤ ጆይስቲክ ይገናኛል፤ ኃይል ሲያገኝም ሥራ ይጀምራል። ጥንቃቄ የሚያሻው መብራት በድንገት ሲቋረጥ ነው። ካርዱ ላይ በሚጻፍበት ጊዜ ኃይል ከጠፋ መረጃው ሊበላሽ ስለሚችል፣ ካርዱን በሌላ ካርድ ገልብጦ ማስቀመጥና መሣሪያውን ሁልጊዜ በሥርዓቱ ማጥፋት ይገባል። ይህ ሰሌዳ ከሌለ በቤት የተቀመጠ አሮጌ ላፕቶፕም ያንኑ ሥራ ይሠራል።

በዚህ ሥራ ውስጥ መብትና ሕግም አሉ። ነጻ ኢሙሌተር መጫን አንድ ነገር ነው፤ ባለቤት ያለውን ጨዋታ ያለፈቃድ ማባዛትና መሸጥ ሌላ ነገር ነው። በሀገራችን በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተደነገገው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ የኮምፒዩተር ፕሮግራምንም ይሸፍናል። ይህ ኾኖ ሳለ ሠሪዎቻቸው ማንም እንዲጫወትባቸው በነጻ የለቀቋቸው ብዙ ጨዋታዎች አሉ። ካልታወቀ ምንጭ የሚወርድ ፋይል ስልክን የሚጎዳ ቫይረስ ሊይዝ ስለሚችል፣ በሕጋዊ መንገድ የሚገኙትን መምረጥ ለሕጉም ለስልኩም ይበጃል።

ከመጫወት አልፎ መሥራት ለሚሻ ወጣት ደግሞ የዮኮይ መሣሪያ በር ከፍቶለታል። “ጂቢ ስቱዲዮ” የተባለው ነጻ ፕሮግራም የፕሮግራም ቋንቋ ለማያውቅ ሰው እንኳ ለጌም ቦይ የሚኾን ጨዋታ ያሠራል፤ የተሠራውም በኢሙሌተርም በእውነተኛው ጌም ቦይም ይጫወታል። በእንዲህ ያለ መንገድ እረኞች በመሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍረው በጠጠር የሚጫወቱትን ገበጣ ወደ ትንሽ ገጽ ማስገባት ይቻላል። አራት የጥቁረት ደረጃዎች ጠጠሩን ከጉድጓዱ ለመለየት ይበቃሉ።

ገበጣን ያቆየውም የዮኮይ መርህ የሚመሰክረው ነገር ነው። ሁሉም ሰው በቅርቡ የሚያገኘው አፈርና ጠጠር፣ ሕጉን ጠንቅቆ በሚያውቅ እጅ ውስጥ ሲገባ ለዘመናት ሳይሰለች የሚያጫውት ነገር ይኾናል። የካርታ ማሽን ይጠግን የነበረው ሰው በ31 ዓመታት አገልግሎቱ ያደረገው ይህንኑ ነው። የሚያምረውን ዕቃ ከመጠበቅ ይልቅ በእጁ ያለውን ዕቃ ጠባይ አጠና፤ ለማን እንደሚጠቅምም ጠየቀ። መሣሪያዎቹ እያረጁም ቢኾን ጨዋታዎቹ እርሱ ባላያቸው መሣሪያዎች ላይ ሕይወታቸውን ቀጥለዋል።